ፓምፑ በግራ በኩል

ኦክቶበር 11፣ ቅዳሜ

የሽንት ቤቱን ታንከር አስመጠጥኩ። የወሩ ሥራ ነው። ጀልባዋን ከቦታዋ ፈትቼ ጀልባዎቹ የሚቆሙበት ዶክ ጫፍ ወዳለው መምጠጫ ወሰድኳት፣ ወፍራሙን የጎማ ቱቦ ከላይ ባለው ቀዳዳ ገጠምኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ጎማው መሃል ላይ መስታወት የሆነ ቦታ አለው። የሚያልፈው ነገር ይታያል። መጀመሪያ ሰሞን ፊቴን አዞር ነበር። አሁን እስኪጠራ ድረስ እያየሁ እቆማለሁ። የራሴው አይደል?

ሰው ሲሰማ ይገርመዋል። ለንደን ውስጥ ሸራ ጀልባ ላይ የሚኖር የአውቶቡስ ሹፌር። ሸራዋን ከገዛኋት ወዲህ የዘረጋሁት ሁለቴ ነው። ከትዳሬ ስወጣ ማደሪያ ፈለግኩ፣ ይቺ ተገኘች። ሌላ ታሪክ የላትም።

ከሰዓት እህቴ ናዲራ ደወለች። ፊንስበሪ ፓርክ ያለው ህንጻቸው የፍሳሽ ቱቦው ከላይ እስከ ታች ሊቀየር ነው። ሰኞ መታጠቢያ ቤቷን ያፈርሱታል። እሷና ልጆቹ የባሏ እህት ጋ ይጠጋሉ። አባባስ?

አባባ ከኮምቦልቻ የመጡት በሐምሌ ነው፣ እናታችን ከሞተች በኋላ። እስከ ዛሬ የናዲራ ሳሎን ውስጥ ነው የሚተኙት። ስኳር አለባቸው፣ ግፊትም። ኮምቦልቻ ያለው ቤት ውስጥ አሁን ማንም የለም።

"አንተ ጋ ይሁኑ" አለች። "ጀልባም ቤት ነው ትል የለ?"

እላለሁ። ስል ግን ለራሴ ነበር...

ኦክቶበር 12፣ እሁድ

ናዲራ ልታጸዳ መጣች። ሂትሮው የጽዳት ሱፐርቫይዘር ናት። የዓለም ሰው የሚጠቀምበት ሽንት ቤት በእሷ እጅ ነው። ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ አፍንጫዋን ያዘች።

"ካፒቴን፣ ይሄን አባባ ከሸተታቸው በመጡበት እግራቸው ነው የሚመለሱት።"

ይሸታል እንዴ? እኔን አልሸተተኝም። ሰው የራሱን ቤት ሽታ አያውቅም።

ሁለት ጠርሙስ በረኪና ይዛለች። አንዱን እንዳለ ሳህኑ ውስጥ ገለበጠችው፣ ፓምፑን ትንሽ ገፋችና "ይቆይበት" አለች። ሁለተኛውን ልትሄድ ስትል። ጎረቤቴ ጂል ጀልባ ላይ በረኪና አይሆንም ብላኝ ነበር፣ ለናዲራ ነገርኳት። ፈረንጅ ከመቼ ወዲህ ነው በረኪና የሚወደው ብላ ሳቀችብኝ። ለምን እንደማይሆን እኔም አላውቅ። 

አሁን ጀልባዋ ሆስፒታል ሆስፒታል ትላለች። ዓይኔን ያቃጥለኛል።

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ

አባባ ገቡ። አንድ ቦርሳ፣ አንድ መስገጃ፣ አንዲት የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ። ማንቆርቆሪያዋ ከአገር የመጣች ናት። ሽንት ቤት ሲገቡ የሚታጠቡባት።

ሽንት ቤቱን አሳየኋቸው። ለሰው ማስረዳት ሲመጣ ነው ስንት ጣጣ እንዳለው ያወቅኩት። ሳህኑ ትንሽ ነው። በስተቀኙ የእጅ ፓምፕ አለው፣ እንደ ብስክሌት መንፊያ ላይና ታች የሚሄድ። መጀመሪያ ማንሻዋን ወደ ውሃ ማዞር። ያኔ ፓምፑ የዶኩን ውሃ ስቦ ያስገባል፣ ሳህኑ ውስጥ ያለውንም ይገፋል። ከዚያ ማንሻዋን መልሶ ያለ ውሃ መግፋት፣ ሳህኑ እስኪደርቅ። የተገፋው በጎማ ሽቅብ ወጥቶ፣ እንደ ዳክዬ አንገት ታጥፎ፣ አልጋው ሥር ወዳለው ታንከር ይገባል። መውጫው ላይ ሁለት ከንፈር ያላት ላስቲክ አለች። ሲገፋ ትከፈታለች፣ ሊመለስ ሲል ትዘጋለች። ወደ ዶኩ መልቀቅ ክልክል ነው። ወረቀት አይገባም።

አባባ ሁሉንም ጨርሰው ሰሙ። "ሎንቺና መንዳት ይቀላል" አሉ።

ቀጥለው ለሶላት ቂብላው ወዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። ጠቆምኳቸው። ጣቴ በቀጥታ የሽንት ቤቱን በር አመለከተ። አባባም ጣቴን አዩ፣ በሩን አዩ። ምንም አላሉም።

ኦክቶበር 16፣ ሐሙስ

ፓምፑ አልተሰማም። ትናንትም። ይቺ ጀልባ ውስጥ ፓምፑ የማይሰማበት ቦታ የለም።

ባልዲዬን ግን አጥበው፣ ከላይ ንፋስ ላይ ደፍተውታል። ትናንት ከሥራ ስመለስ ነው ያየሁት። እንግዳ ሆነው ሥራ አያጡም...

ኦክቶበር 18፣ ቅዳሜ

የሚሄዱት ውጭ ነው። የዶኩ በር አጠገብ የጋራ ሽንት ቤት አለ፣ በቁጥር የሚከፈት። እዚያ ለመድረስ ውሃ ላይ የተንሳፈፈውን የእንጨት መተላለፊያ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ ነው። ጠዋት ጠዋት ጤዛው እንደ ሳሙና ነው። ከረገጡት ይወዛወዛል። ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት፣ ሽንት ያጣድፋቸዋል። ጃኬት ላይ ጋቢ ደርበው፣ ማንቆርቆሪያዋን አንጠልጥለው፣ በቀን ስንት ጊዜ።

"እዚሁ አለ እኮ አባባ" አልኳቸው።

መንሸራሸር ለስኳር ጥሩ ነው አሉኝ። ዶክተሯም ብላቸዋለች።

ኦክቶበር 19፣ እሁድ

ሳህኑ ውስጥ ቡናማ ውሃ ከሥር ተመልሶ ያድራል። አድርቄው እተኛለሁ፣ ጠዋት እዚያው ነው። ፓምፑም ከብዷል። የኔ ትከሻ ምንም አይለውም፣ ግን ከብዷል። ሽታውን አሁን እኔም አወቅኩት። ለናዲራ ነገርኳት።

"በረኪና ጨምርበት" አለች።

ጨመርኩ።

ኦክቶበር 22፣ ረቡዕ

አባባ ዛሬ አውቶቡሴ ላይ ተሳፍረው ዋሉ። ከኋላዬ ያለው ወንበር ላይ። ተሳፋሪ ሳያመሰግነኝ ሲወርድ ይቆጫቸዋል። ፊንስበሪ ፓርክ መጨረሻው ላይ ስንደርስ መጀመሪያ የጠየቁኝ ሽንት ቤት የት እንደሆነ ነው። አሳየኋቸው። ከእንግሊዝ አገር ሽንት ቤት ሁሉ የኔን ብቻ ነው የሚጠሉት?

ስመለስ ቀይ መብራት ላይ ገባኝ። ቂብላው ነው!

ለመጸዳዳት ሲቀመጡ ፊትን ወደ ቂብላ ማድረግ ነውር ነው። ልጆች ሳለን ራሳቸው አባባ ናቸው ጆሯችንን እየቆነጠጡ ያስተማሩን። የኔ ሳህን ደግሞ የሚያየው በቀጥታ ወደዚያ ነው። ይህን ያህል ዓመት ተቀመጥኩበት፣ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። ለዚህ ነው ያን ቀን ዝም ያሉት።

ሽንት ቤቱን ማዞር አይቻልም፣ ከጀልባዋ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ጀልባዋን ማዞር ግን ይቻላል።

ኦክቶበር 25፣ ቅዳሜ

አዞርናት። ጂል ረዳችኝ። ከጎኔ ባለው ጀልባ ላይ ነው የምትኖረው፣ ጡረታ የወጣች የሙዚቃ አስተማሪ ናት። ለምን እንደማዞር ነገርኳት። አልሳቀችም። ንፋሱ ዛሬ ከወዴት ነው ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ገመዱን ፈታን፣ ወደ ኋላ አወጣኋት፣ በጠባቡ ውስጥ አሽከረከርኳት፣ ጂል ከመተላለፊያው ላይ በረጅም እንጨት እየገፋች። አንዴ የሰው ጀልባ ልንገጭ ነበር። አባባ ከላይ ተቀምጠው ያዩናል። ላብ በላብ ሆንኩ። በመጨረሻ አፍንጫዋ የነበረበት ጅራቷ ገባ።

አባባ ስልካቸውን አወጡ። የናዲራ ልጅ ኮምፓስ ጭናላቸዋለች። ይዘው ወደ ውስጥ ወረዱ። ቆይተው ብቅ አሉ።

"አሁን ደግሞ ጀርባ ሰጠነው" አሉ።

ጀርባም አይሰጥም። እሱንም አስተምረውን ነበር።

ለምን እንዳዞርኩ ያኔ ነው የገባቸው። ሳቁ። ከመጡ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አልሰማሁም። ቤት ውስጥ፣ ግድግዳ ካለ፣ ችግር የለውም ብለው ያቀለሉ ዑለማዎች አሉ፣ እኔ በዚህ ቅር ብሎኝ አያውቅም አሉኝ። "አንተ ልጅ፣ መጠየቅ የሚባል ነገር አታውቅም?" ለጂል ተርጉምላት አሉ። ተረጎምኩላት። እሷም ሳቀች። ሦስታችንም ሳቅን።

ሳቃቸውን ሲጨርሱ ማንቆርቆሪያዋን አንስተው ወደ በሩ ሄዱ።

ታዲያ ምንድነው?

ኦክቶበር 26፣ እሁድ

ሰዓት ተቀየረ። ከእንግዲህ በጊዜ ይጨልማል።

ናዲራ ደወለች። አባባ የመመለሻ ቲኬት ቁረጪልኝ ብለዋታል። ቤቷ ተሠርቶ ሲያልቅ ልጆቹን ተሰናብተው ሊሄዱ። ኮምቦልቻ። ለሽንት ቤት ሰው ከማስቸግር አገሬ ይሻለኛል ነው ያሉት።

"ምን አደረግካቸው?" አለችኝ።

ምን አደረግኳቸው? ምንም። ጀልባ አዞርኩ።

እዚያ ማን አለ? ስኳራቸው ሲወርድ ጁስ የሚያቀርብላቸው ማን ነው? ኪኒናቸውን ማን ያስታውሳቸዋል? ጎረቤቶቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ የራሳቸው ኑሮ አላቸው። ናዲራ አለቀሰች። ማልቀስ አልሆነልኝም፣ መለኪያውን ለማየት ሄድኩ። የታንከሩን። ሁለት ሰው እየኖረ ለብቻዬ ከሆንኩበት ጊዜ አንድ ጣት አልጨመረም።

ቤቷ እስኪያልቅ ጊዜ አለኝ። አባባ ለመሄድ አንዴ ከተሰናበቱ አይመለሱም። አውቃቸዋለሁ።

ኦክቶበር 28፣ ማክሰኞ

አባባ ወደቁ። መተላለፊያው ላይ፣ ጠዋት፣ እኔ ሥራ ላይ ሆኜ። ያነሳቻቸው ጂል ናት። ጉልበታቸው ተልጧል፣ መዳፋቸውም። አጥንት አልተነካም። ሁለት ክንድ ወደ ግራ ቢሆን ውሃው ውስጥ ነበሩ።

ጂል ማምሻውን በሩ ጋ ጠበቀችኝ። ስለ መውደቃቸው ነገረችኝና አልሄድ አለች። ሌላ ነገር ነበራት። ለመናገር ተቸገረች። አባትህ በመጡ ማግስት ጠዋት በፎጣ የተሸፈነ ባልዲ ይዘው ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ አለች። በግራ እጃቸው፣ እያሳረፉ፣ እስከ በሩ ድረስ። ያመማቸው መስሎኝ ነበር፣ ልጠይቅህ ፈልጌ ነውር መሰለኝ አለች።

ባልዲ።

ሞክረውት ነበር ማለት ነው። ፓምፑ እምቢ አላቸው። እኔን መጥራት አልፈለጉም። ያለውን ጨልፈው፣ ሸፍነው፣ ተሸክመው ሄዱ። ባልዲውን አጠቡ። እኔ መጥቼ የታጠበ ባልዲ አየሁ። ሥራ አያጡም ብዬ ጻፍኩ።

ራት በላን። ቀለል አድርጌ ለመናገር ሞከርኩ። "እዚሁ ይጠቀሙና ይተዉት አባባ። እኔ ስመጣ እገፋዋለሁ።"

ከሳህናቸው ቀና አላሉም።

"ልጅ አባቱን የሚያጥበው አንድ ቀን ነው" አሉ። "እሱም ሲሞት።"



ኦክቶበር 29፣ ረቡዕ

የከሰዓቱን ሶላት፣ ዐስርን፣ ሲሰግዱ አየኋቸው። አላሁ አክበር ብለው እጃቸውን ሲያነሱ ግራው ጆሯቸው ጋ ይደርሳል። ቀኙ ደረታቸው ላይ ይቀራል። ቀኝ ትከሻቸው የተሰበረው እኔ ሳልወለድ ነው፣ ሸቀጥ ይዘው ሲመጡ ከጭነት መኪና ላይ ወድቀው። ልጅ ሆኜ አባት ሁሉ እንደዚያ የሚሰግድ ይመስለኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ነገር ነው።

ፓምፑ በቀኝ በኩል ነው።

ኖቬምበር 1፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤት ውስጥ።

መጀመሪያ ከዶኩ ውሃ የሚያስገባውን መዝጊያ ዘጋሁ። ጂል ከሁሉ በፊት እሱን ብላኛለች። እሱን ረስቶ ጎማ የፈታ ሰው ጀልባው እዚሁ ከበታችን ውሃው ውስጥ ተኝቷል አለች። አባባ በሩ ላይ ሳጥን አምጥተው ተቀመጡ። ባትሪ ይያዙልኝ አልኳቸው። በግራ እጃቸው ያዙ።

ፓምፑን ፈታሁ። ሁለት ከንፈር ያላት ላስቲክ ወጣች። አፉን ከፍቶ እንዳንቀላፋ ሰው ሆናለች። ደርቃለች፣ ስጫናት አትገጥምም። ውስጥ ያሉት ማጥበቂያ ላስቲኮች፣ ጓርኒሲዮኖቹም፣ እንደዚሁ። ጂል ገና ስታያት "በረኪና" አለች። አሁን ነው ለምን እንደማይሆን የገባኝ። ሂትሮው ያለው ሽንት ቤት ሸክላና ብረት ነው፣ የኔ ላስቲክ ነው። ላስቲኳ ስላልገጠመች ጎማው ውስጥ የቀረው ተመልሶ ሳህኑን ይሞላል። ጓርኒሲዮኑ ስለደረቀ ፓምፑ ይከብዳል። ናዲራ ለአባባ ብላ ነው... እኔም ጨምሬበታለሁ።

ቀጥሎ ጎማው። የሚያንቀው የብረት ማሰሪያ፣ ፋሸታው፣ ዝጎ ካቻቢቴ አልይዝ አለ። በመጋዝ ቆረጥኩት። ጎማው ሲወጣ አባባ ባትሪውን ወደ ውስጡ አበሩ። ነጭ ድንጋይ። ሽንትና የዶኩ ውሃ ተገናኝተው ዓመት በዓመት የጋገሩት። አውራ ጣቴ አልገባ አለ።

"በዚህች ነው የምትገፋው የነበረው?" አሉ አባባ።

በዚህች ነው።

መተላለፊያው ላይ አውጥተን በእንጨቱ ላይ ደበደብነው። ድንጋዩ እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተሰባበረ ወጣ። አሁን ያሳልፋል ብዬ ልመልሰው ስል ጂል ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክራ ጎማውን ጠቀለለችበት። ቆይታ ጨርቁን አሸተተችና ለኔ ሰጠችኝ። ከሳህኑ የባሰ። ጎማው ራሱ ሽታውን ጠጥቶታል። ስንት ዓመት ሳህኑን በከንቱ ስፈትግ ኖርኩ... አዲስ ጎማ ልገዛ ሄድኩ። ላስቲኳንም፣ ጓርኒሲዮኖቹንም።

ስመለስ አባባ የፓምፑን ክፍሎች በግራ እጃቸው አቼቶ ውስጥ እየነከሩ በጥርስ ብሩሽ ሲፈትጉ ደረስኩ። ጂል አሳይታቸው ሄዳለች። በምን ቋንቋ እንደተግባቡ አላውቅም። ጓርኒሲዮኖቹን የምግብ ዘይት ስቀባ አዩኝ።

"አቼቶና ዘይት" አሉ። "ቲማቲሙ ቀረ።"

ልገጥመው ስል የሚታሰርበትን አየሁ። ሳህኑ በግራ በኩልም ያው ብሎን ቀዳዳ አለው፣ በክዳን የተዘጋ። የሠራው ሰው ለሁለቱም አስቦ ነው የሠራው። ለአባባ ጀርባዬን ሰጥቼ ተናገርኩ።

"በቀኝ በኩል አዲሱ ጎማ ይታጠፍብኛል። ወደ ግራ ላዛውረው ነው።"

አይታጠፍም። ባትሪው እጃቸው ላይ ነበር፣ እሳቸውም አይተውታል።

ባትሪውን ወደ ግራው ቀዳዳ አዞሩ።

"ድሮም በግራ መሆን ነበረበት" አሉ። "ቀኝ እጅ የምግብ ነው። ለዚህ ሥራ ግራ ነው። መጀመሪያ የገጠመው ሰውዬ ነው የተሳሳተው።"

"ልክ ነው" አልኩ።

ኖቬምበር 2፣ እሁድ

ማሰሪያው ጋ ያንጠባጥባል። ፈትቼ ደግሜ አሰርኩ። አሁንም ያንጠባጥባል። ለካ ጎማውን አጣምሜ ቆርጬዋለሁ። እንደገና ቆረጥኩ።

አሁን በሁለት ጣት ይገፋል። ሳህኑ ደርቆ አደረ ወይ የሚለውን ነገ አያለሁ።

ኖቬምበር 3፣ ሰኞ

ደርቆ አደረ።

ጂል ደንቡን ነገረችን። ከሆድ ያልወጣ ነገር ሳህኑ ውስጥ አይገባም። ተጠቅሞ ቶሎ አለማቆም፣ ጎማውን አልፎ ታንከር እስኪገባ መግፋት። በሳምንት አንዴ አቼቶ፣ ከዚያ ትንሽ ዘይት። የሚሸተው ደግሞ ከሁሉ በላይ የዶኩ ውሃ ነው አለች፣ ጎማ ውስጥ ሲቆም በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት ሞተው ይበሰብሳሉ። በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ የሚያዘወትር ጀልባ አይሸትም። አባባ በማንቆርቆሪያዋ እንደሚታጠቡ ነገርኳት። የቧንቧ ውሃ፣ ወረቀት የለም።

እንደ እሳቸው የሚያደርግ ሰው ይህ ዶክ አይቶ አያውቅም አለች። ተረጎምኩላቸው። ለናዲራ ንገራት አሉ።

ኖቬምበር 5፣ ረቡዕ

አልተሰማም። ዛሬም ማንቆርቆሪያዋን ይዘው ወደ በሩ። ጉልበታቸው ገና አልዳነም፣ ያነክሳሉ።

ናዲራ የቲኬት ቀን ልትመርጥ ትፈልጋለች። ሴራሚክ እየለጠፉላት ነው፣ ሊያልቅ ነው። ቆይ አልኳት። ምን ልጠብቅ ትላለች። 

ትከሻው ካልሆነ፣ ሽታው ካልሆነ፣ ቂብላው ካልሆነ... ምን ቀረ?

እኔ ነኝ የቀረሁት። ይቺ ጀልባ ውስጥ ፓምፑ የማይሰማበት ቦታ የለም ብዬ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። እሳቸውም ያውቁታል። አጠገባቸው ተቀምጬ ጆሮዬን አቁሜ እየጠበቅኩ እንዴት ይግቡ?

ኖቬምበር 8፣ ቅዳሜ

ትርፍ ፈረቃ ጠየቅኩ። ሐሙስም፣ ዓርብም፣ ዛሬም። የዴፖው ሰውዬ ገረመው። ቅዳሜ ጠይቄ አላውቅም።

ኖቬምበር 9፣ እሁድ

መለኪያው ከፍ ብሏል። ሁለቴ አየሁት። ጣቴን መስታወቱ ላይ አንኳኳሁ፣ አልወረደም። ለአባባ ለራት አሳ ጠበስኩ።

ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ

መንገድ ተዘግቶ ፈረቃዬ ተሰረዘ። በቀትር ተመለስኩ። ይዘንባል። መተላለፊያው ላይ ሆኜ፣ ገና ጀልባዋ ጋ ሳልደርስ ሰማሁት።

ጀልባ ላይ እግር ሲያርፍ ትነቃነቃለች። ውስጥ ያለ ሰው ሰው መምጣቱን ወዲያው ያውቃል። ቆምኩ።

ከውሃ ጋር ሲገፋ ድምፁ ወፍራም ነው። ቀስ ብለው፣ እያረፉ። ከዚያ ማንሻዋ ቀጭ አለች። ከዚያ ያለ ውሃ፣ ቀጠን ያለው ድምፅ። ቶሎ አላቆሙም። ጎማውን አልፎ ታንከር እስኪገባ ገፉት። አንዲት ነገር አልዘለሉም። ከማንቆርቆሪያዋ ውሃ ሲንቆረቆር ሰማሁ።

ጂል በመስኮቷ አየችኝ። ጃንጥላ አንስታ አሳየችኝ። አይ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። መጋረጃዋን መለሰችው።

ዝም ሲል ጥቂት ጠበቅኩ። የሽንት ቤቱ በር ተዘጋ። ከዚያ ጀልባዋን ከበድ አድርጌ ረገጥኩና ጮክ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ።

አባባ መስገጃቸውን እየዘረጉ ነው።

"በስብሰሃል" አሉ።

"ዝናብ ነው" አልኩ።

ኖቬምበር 16፣ እሁድ

አባባ ስለ ቲኬት አላነሱም። እኔም። ጂል ኬክ አመጣች፣ ስኳር የሌለው። አይጣፍጥም። ሁለታችንም በላን።

ኖቬምበር 20፣ ሐሙስ

የናዲራ ቤት አለቀ። ቅዳሜ ልውሰዳቸው አለች። ስልኩን ለአባባ ሰጠሁና ላይ ወጣሁ። ገመድ የማጠብቅ መሰልኩ። ሲጨርሱ ስልኩን በመስኮቱ አቀበሉኝ። ምን እንዳሏት አልጠየቅኳቸውም። የእኔ ሻይ የት ሄደ ብቻ አሉኝ።

ኖቬምበር 22፣ ቅዳሜ

ታንከሩ ሞላ። ካሰብኩት ቀድሞ። መለኪያው ጫፍ ላይ ደርሶ ቆሟል።

አባባ እኔም እመጣለሁ አሉ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ከላይ ተቀመጡ። ጀልባዋን ፈትቼ ዶኩ ጫፍ ወሰድኳት። ጎማውን ስገጥም መስታወቱ ያለበትን ጋ በግራ እጃቸው ያዙልኝ። ቁልፉን ተጫንኩ። በመስታወቱ የሚያልፈውን ያዩ ጀመር። ፊታቸውን አላዞሩም።

"ይሄ ሁሉ የኛ ነው?" አሉ።

"የኛ ነው።"

እስኪጠራ ቆምን።

ስንመለስ ጀልባዋን ወደ ድሮው ላዙራት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ተዋት አሉ፣ እንዲህ ስትሆን ጠዋት ፀሐይ በደረጃው በኩል ትገባለች፣ መስገጃው ላይ ነው የምታርፈው።

ከሰዓት ናዲራ ደወለች። አባባ ሐሙስ ዕለት ያሏትን ያኔ ነው የሰማሁት። ሳሎኑን ለልጆቹ ልቀቂላቸው፣ እኔ እዚሁ ነኝ፣ ቲኬቱም ይቅር። ደጋግማ ጠይቃቸዋለች፣ መልሳቸው ያው ነው። እንዲቀሩ እሷ ስንት ወር ለምናቸው እሺ ያላሉትን።

"ምን ብለህ ነው ያሳመንካቸው?" አለችኝ።

"ጎማ ቀየርኩ" አልኳት።

ነገ ልታያቸው ትመጣለች። በረኪና እንዳትይዝ ነገርኳት።